የልጅ እጅ የሠራውን ጎጆ የአባት መድኃኒት አያፍርሰው



ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ትንሽ ነገር ነው። ትንሽ ስል ግን ጥቅሙ ትንሽ ነው ማለቴ አይደለም። የሚያርስ በሬ አለን። ስም እናወጣለታለን፣ ሲታመም እናስታምመዋለን። የምትታለብ ላም አለችን። ሣር እናጭድላታለን፣ በረት እንሠራላታለን። ነገር ግን በማሳችን ውስጥ ያለ ድርቆሽና ያለ በረት የሚሠራ ሌላ ሠራተኛ አለ። እሱን ልብ የምንለው ስንሸሸው ወይም ስንጨፈልቀው ብቻ ነው። ይህ ሠራተኛ ነፍሳት የምንላቸው ናቸው፤ ንቡ፣ ተርቡ፣ ጢንዚዛው።

እኔ የምለው ይህ ነው። ለእነዚህ ሠራተኞች ልጆቻችን ከግቢ ውዳቂ ትንሽ ጎጆ ይሥሩላቸው። ትልልቆቹ ደግሞ ያንን ጎጆ በመድኃኒት መቃብር አያድርጉት። ከሁለቱ አንዱ ቢቀር ሌላው ዋጋ የለውም።

ለመሆኑ ነፍሳት ለገበሬ ምን ይሠራሉ? መልሱን ከእኔ አትስሙ፤ ከዱባችሁ ስሙት። የዱባ ሐረግ ሁለት ዓይነት አበባ ያወጣል። አንደኛው በቀጭን ረጅም አገዳ ላይ ይቆማል፤ ይህ ወንዴው ነው። ሁለተኛው ከሥሩ ትንሽ ዱባ የመሰለ እብጠት አለው፤ ይህች ሴቴዋ ናት። ዱባው እንዲይዝ የወንዴው አበባ ቢጫ ዱቄት ወደ ሴቴዋ መድረስ አለበት። ዱቄቱ ከባድና የሚያጣብቅ ስለ ሆነ ነፋስ አይወስደውም። ወሳጇ ንብ ናት።

ይህን ማመን የሚቸግረው ሰው ይሞክረው። ነገ ጧት ልትፈነዳ የተዘጋጀች ሴቴ አበባ ዛሬ ማታ ፈልጉና አፏን በክር እሰሩ። ሌላዋን ክፍት ተዉአት። ከሳምንት በኋላ ሁለቱን አስተያዩ። የታሰረችው ቢጫ ሆና ትረግፋለች። ንብ የጎበኘቻት ግን ታብጣለች፣ ዱባም ትሆናለች። ይህን ሙከራ ልጅ ብቻውን ሊሠራው ይችላል። ወጪው አንድ ክር ነው።

ኑግም እንደዚሁ ነው። የኑግ ተክል የራሱን ዱቄት አይቀበልም፤ ከሌላ የኑግ ተክል የመጣ ዱቄት ይፈልጋል። በጥቅምት ማሳው ቢጫ ለብሶ ንቡ ሲያንዣብብበት ስናይ እንግዲህ ሥራ እየተሠራ ነው ማለት ነው። በሆለታ የሚገኙት የንብ ምርምር ባለሙያዎች ንብ የገባበትን ኑግና ንብ የተከለከለበትን ኑግ አስተያይተዋል። ንብ የጎበኘው ብዙ ፍሬ እንደሚሰጥ አረጋግጠዋል። ስለዚህ ከኑግ በምናወጣው ዘይት ውስጥ የበሬው ላብ ብቻ አይደለም ያለው፤ የንቧም ድካም አለበት። ባቄላው፣ ማንጎው፣ አቮካዶው፣ ቡናው ሁሉ ነፍሳት ሲጎበኙት የተሻለ ያፈራል።

እውነቱን ለመናገር ሁሉም ሰብል ነፍሳትን አይሻም። ከባኮ የወጣው፣ ቢ.ኤች. እያልን የምንጠራው በቆሎ ዱቄቱን የሚወስድለት ነፋስ ነው። ጤፍም በራሱ ያፈራል። ስለዚህ ንብ ከጠፋች ነገውኑ እንራባለን ብዬ አላስፈራራችሁም። እንጀራው ይኖራል፤ የእንጀራው ማባያ ግን ይጎድላል። ዘይቱ ይጎድላል፣ ዱባው ይጎድላል፣ ማሩ ይጎድላል። ለገበያ ወስደን ጨውና ደብተር የምንገዛበትም አብዛኛው ከዚህ ወገን ነው።

ይህ ነገር የእኛ ብቻ አይደለም። ከብዙ መንግሥታት የተውጣጡ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ዘገባ፣ በዓለም ላይ ከሚመረቱት ዋና ዋና የምግብ ሰብል ዓይነቶች ከአራቱ ሦስቱ በመጠኑም ቢሆን በነፍሳትና በሌሎች እንስሳት እርዳታ እንደሚያፈሩ ገልጸዋል።

አሁን ስለ ንብ ትንሽ ልጨምር። ንብ ሲባል ሁላችንም የምናስበው በቀፎ የምትኖረውን ነው። በኦሮምኛ ካኒሳ የምንላት፣ ጋጉራ ሠርተን ዛፍ ላይ የምንሰቅልላት ናት። ወለጋ የማር አገር ነው። ብሳናውን በኦሮምኛ ባካኒሳ ስንል በስሙ ውስጥ የንቧ ስም ይሰማል። ነገር ግን በዓለም ላይ ከ20 ሺህ በላይ የንብ ዓይነት አለ። ማር የሚሰጡን ከእነዚህ ውስጥ ጥቂቶቹ ናቸው። አብዛኞቹ ብቸኞች ናቸው። ንግሥት የላቸውም፣ መንጋም የላቸውም። እያንዳንዷ እናት ቤቷን ራሷ ታዘጋጃለች። የአበባ ዱቄትና ጣፋጭ የአበባ ውሃ ለውሳ ለልጇ ስንቅ ታስቀምጣለች። በላዩ እንቁላሏን ትጥላለች፣ በሩን ትዘጋለች፣ ወደሚቀጥለው ክፍል ታልፋለች። ከዚያ በኋላ ዕድሜዋ አጭር ነው። ልጆቿ በሚቀጥለው ወቅት በሩን በርግደው ይወጣሉ።

እነዚህን ንቦች ታውቋቸዋላችሁ፤ ስም አልሰጣችኋቸው ይሆናል እንጂ። የጽጌረዳ ወይም የአደንጓሬ ቅጠል ጠርዙ በመቀስ የተቆረጠ ይመስል ክብ ሆኖ ተቀድዶ አይታችሁ ይሆናል። ይህን የምታደርገው ቅጠል ቆራጭ ንብ ናት። ቅጠሉን የምትወስደው ለመብላት አይደለም፤ ለልጇ ክፍል ምንጣፍና መጋረጃ ለመሥራት ነው። የደረቀ እንጨት ስትበሳ ዱቄት የምታፈሰው ትልቋ ጥቁር ንብም ከእነዚሁ ወገን ናት። እነዚህ ብቸኛ ንቦች የሚጠብቁት መንጋና የማር ጎተራ ስለሌላቸው በእጅ ካልተጨበጡ በቀር አይናደፉም። ስለዚህ ልጅ ቀርቦ ቢመለከታቸው የሚያሰጋ ነገር የለም።

ቤታቸው የት ነው? አንዳንዶቹ በባዶ ሸምበቆ፣ በደረቀ እንጨት ቀዳዳ፣ በጭቃ ግድግዳ ስንጥቅ ይኖራሉ። ከዱር ንቦች የሚበዙት ግን መሬት ውስጥ ይገባሉ። ጣዝማም ቤቷ መሬት ውስጥ ነው። በኦሮምኛ ዳሙ የምንላት ናት። ማሯን ለመድኃኒት እንፈልገዋለን፤ ጎሬዋን ግን ቆፍረን እናፈርሳለን።

አሁን ልብ በሉ። የሣር ክዳኑ በቆርቆሮ ተተካ። ይህ መልካም ነው፤ ሰው ከዝናብ ዳነ። የደረቀው ግንድ ለማገዶ ተፈለጠ። ማሳው እስከ መንገዱ ጠርዝ ድረስ ታረሰ። ድንበሩ ላይ የነበረው ቁጥቋጦ ተመነጠረ። እያንዳንዱ ነገር ምክንያት አለው። ሁሉም ሲደመር ግን ንቧ መግቢያ አጣች። አባቶች "ዳር ሲፈታ መሀል ዳር ይሆናል" ይላሉ። ይህ አባባል ለአገር ድንበር ብቻ አይደለም፤ ለማሳ ድንበርም ይሠራል። የማሳው ዳር ሲራቆት የመሀሉ ሰብል ረዳት ያጣል።

ረዳት ስል ንብ ብቻ ማለቴ አይደለም። ተርብንም ልመሰክርላት እወዳለሁ። እ.ኤ.አ. በ2017፣ ማለትም በ2009 ዓ.ም.፣ የአሜሪካ ተምች የሚባለው ትል ወደ አገራችን ገብቶ በቆሎውን ሲፈጀው ሁላችንም ደነገጥን። በዚያው ዓመት ተመራማሪዎች ከማሳ ትሉን ሰብስበው ሲመረምሩ አንድ ነገር አገኙ። ከትንኝ ብዙም የማትበልጥ አንዲት የአገራችን ተርብ በትሉ ሰውነት ውስጥ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ልጆቿም ትሉን ከውስጥ በልተው ይገድሉታል። ከተሰበሰበው ትል ከሦስቱ አንዱን ያህልና ከዚያም በላይ እሷ ያዘችው ነበር። ማንም አላዘዛትም፣ ማንም አልከፈላትም። ይህች ተርብ የምትፈልገው ጎጆ አይደለም፤ በማሳው ዳር አበባና ያልተመረዘ ማሳ ነው። በሸምበቆ ቀዳዳ የሚኖሩ ሌሎች ተርቦች ደግሞ አሉ። እነሱ ትል እያደኑ ወደ ቀዳዳው አስገብተው ለልጆቻቸው ያከማቻሉ፣ በሩንም በጭቃ ይመርጉታል።

ማንጎ ያላችሁ ደግሞ ይህን ታውቃላችሁ። በማንጎ ቅጠል ላይ ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ የሚለጠፈው ተባይ በአገራችን መጀመሪያ የታየው እዚሁ ምሥራቅ ወለጋ፣ ጉቶ ጊዳ ወረዳ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። እንዲህ ያሉ ተለጣፊ ተባዮችንና ክሽክሽን የሚበሉ ትናንሽ ጢንዚዛዎች አሉ። ቀይ ሆነው ጥቁር ነጠብጣብ ያላቸውን ሁላችሁም አይታችኋል። ልጅ ጢንዚዛውን ሲያገኘው እግሩን በክር አስሮ ያዞረዋል። ያ ልጅ ክፉ ሆኖ አይደለም። ጢንዚዛው የአባቱ ረዳት መሆኑን የነገረው ስለሌለ ነው።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንምጣ። ጎጆው እንዴት ይሠራል?

መጀመሪያ እቃው ይሰብሰብ። የቲማቲም ድልህ ወይም የዱቄት ወተት ባዶ ጣሳ ይሆናል። አፉ የተሸረፈ ማሰሮ፣ ታችው የወለቀ ቅርጫት፣ የተሰበረ ሣጥንም ይሆናል። ወደ ውስጥ የሚገባው ደረቅ ሸምበቆ ወይም ቀጭን ቀርከሃ ነው። ልጆች ይህን ለመሰብሰብ ከግማሽ ቀን በላይ አይፈጅባቸውም። የሚገዛ ነገር የለም።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ክልክል አለ። የተባይ ወይም የአረም መድኃኒት የነበረበት ጠርሙስ፣ ጀሪካንና ጣሳ በምንም ዓይነት አይነካም። ለነፍሳት ጎጆ አይሆንም፤ ከዚያ ይልቅ ደግሞ ለሰው አይሆንም። መልኩ አምሮ፣ ክዳኑ ጠንክሮ ስለታየ ብቻ ውሃ የሚቀዳበት፣ ወተት የሚያዝበት፣ ዘይት የሚቀመጥበት ቤት አለ። እናቶቼ፣ ይህን ነገር አደራ! መርዙ ከፕላስቲኩ ጋር ይጣበቃል፤ በአመድ ቢታሽም አይለቅም። ባዶ የመድኃኒት እቃ ሦስት ጊዜ በውሃ ይለቅለቅ። እጥበቱ መርጫው ውስጥ ተጨምሮ እዚያው ማሳ ላይ ይረጭ። እቃው ሌላ ሰው እንዳይጠቀምበት ይበሳና ከልጅና ከከብት ርቆ ይቆይ፤ ምን እንደሚደረግም የግብርና ባለሙያውን ጠይቁ። ልጆች ውዳቂ እንዲሰበስቡ ስንልክ መጀመሪያ የምናስተምራቸው የትኛው ውዳቂ እንደሚገድል ነው።

ሁለተኛ፣ ሸምበቆው ይቆረጥ። ርዝመቱ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ማለትም ከአንድ ስንዝር ትንሽ ያነሰ ይሁን። ቀዳዳው ከክብሪት እንጨት ውፍረት ጀምሮ እስከ እርሳስ ውፍረትና ከዚያም ትንሽ እስኪሰፋ ድረስ የተለያየ ይሁን፤ ምክንያቱም ንቧም ተርቧም መጠናቸው ልዩ ልዩ ነው። ሲቆረጥ ከአንጓው ጀርባ ይቆረጥ። እንዲህ ከሆነ አንጓው የኋላ ግድግዳ ይሆናል፤ ነፋስም አይገባም። አፉ በድንጋይ ይለስልስ፤ ሻካራ ከሆነ የንቧን ክንፍ ይቀድዳል። ቢላዋውን ትልቅ ሰው ይያዝ። የጣሳውም አፍ እጅ እንዳይቆርጥ በድንጋይ ተቀጥቅጦ ይታጠፍ።

ሦስተኛ፣ ሸምበቆው በጣሳው ወይም በማሰሮው ውስጥ ጥብቅ ተደርጎ ይደርደር። ሲነቀነቅ መንቀሳቀስ የለበትም። ክፍተቱ በጭቃና በጭድ ይመረግ። ጣሳ በፀሐይ ስለሚግል ውጪውን በጭቃና በገለባ መምረግ ይጠቅማል። ሸምበቆ ያጣ ሰው ደረቅ ጠንካራ እንጨት በመሰርሰሪያ ይብሳ። ያለቀ ደብተር ወረቀትም በእርሳስ ላይ ተጠቅልሎ ቀዳዳ ይሆናል፤ ዝናብ እንዳይነካው ብቻ መጠንቀቅ ነው።

አራተኛ፣ ጎጆው ይሰቀል። በአዋቂ ሰው ደረት ከፍታ፣ አፉ ወደ ምሥራቅ ዞሮ የጧት ፀሐይ እንዲያገኘው ይሁን። ነፍሳት የሚነሡት ሲሞቃቸው ነው። ዝናብ እንዳይገባ ከቤት ክዳን ሥር ወይም ከጎተራው ጠርዝ በታች ይሁን፤ አፉም ትንሽ ወደ ታች ያዘንብል። በነፋስ እንዳይወዛወዝ በሽቦ ይታሰር። ጊዜው ነሐሴ ነው። ዝናቡ ሊያባራ፣ ሜጩና አደዩ ሊፈነዱ ሲሉ ጎጆው ዝግጁ መሆን አለበት። በየሁለት ዓመቱ ሸምበቆው ይለወጥ። አሮጌው ባዶ መሆኑ ከታየ በኋላ ይቃጠል፤ አለበለዚያ ሻጋታና ቅማል የመሰለ ተባይ ይሰፍርበታል።

ይህን ስናገር የሚነሡ ጥያቄዎች እንዳሉ አውቃለሁ። መልካም ጥያቄዎች ናቸው።

አንዱ "ተባይ በገዛ እጃችን ልናረባ ነው ወይ?" ይላል። በጭፍን ከተሠራ አዎን፣ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው የበቆሎና የማሽላ አገዳ ለዚህ ሥራ አይሁን የምለው። የአገዳ ቆርቁር ትል በጋውን የሚያሳልፈው በደረቀ አገዳ ውስጥ ተኝቶ ነው። በበቆሎ አገዳ ጎጆ መሥራት ለሌባ ማደሪያ መስጠት ነው። ሸምበቆና ቀርከሃ ግን ይህ ችግር የለባቸውም። ምስጥም አለ። ምስጥ በወለጋ ምን እንደሚሠራ ለእናንተ አልነግርም። ስለዚህ ጎጆው መሬት አይንካ። በምሰሶ ላይ ከሆነ ሥሩ አመድ ይነስነስበት። ጉንዳን እንዳይወጣም ሽቦው ላይ የተቃጠለ የሞተር ዘይት የነካው ጨርቅ ይጠቅለልበት።

ሌላው "ልጁ ከብት ይጠብቅልኝ እንጂ ለዝንብ ቤት ሲሠራ ይዋል?" ይላል። ልጁ ከብቱን ይጠብቅ። ይህ ሥራ የአንድ ሰንበት ከሰዓት በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ማየት ብቻ ነው። ማየቱም ከብት ሲጠብቅ ከሚጠፋው ጊዜ ላይ የሚገኝ ነው።

ሦስተኛው ደግሞ "ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም" ይላል። አባባሉን አከብራለሁ፤ እዚህ ላይ ግን አይሠራም። ንቧ የምትጠይቀው ደረቅና ጨለማ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳውን የቆረጠው የአሥር ዓመት ልጅ ይሁን የስድሳ ዓመት ሽማግሌ አትጠይቅም። እንዲያውም ልጅ ጣቱ ቀጭን፣ ዓይኑ ፈጣን ስለ ሆነ ለዚህ ሥራ ከእኛ ይሻላል። ዋናው ጥቅምም ሌላ ነው። በእጁ ቤት የሠራላትን ንብ ልጅ በድንጋይ አይመታትም። ነገ ገበሬ ሲሆንም መርጫ ሲያነሣ እጁ ያመነታል።

እንግዲህ ፊደል ያወቅን ሰዎች ነን። ፊደሉ በዚህም ላይ ይሥራልን። ከጎጆው አጠገብ አንድ ደብተር ይቀመጥ። ልጁ ያየውን ይጻፍ፤ አባት ወይም እናት ማታ ያንብቡት። "ጥቅምት 3 ቀን። ሁለት ቀዳዳ በቅጠል ታሸገ። አንድ ቀዳዳ በጭቃ ታሸገ።" በቅጠል የታሸገው የቅጠል ቆራጯ ንብ ነው። በጭቃ የታሸገው የተርብ ወይም የጭቃ ሠሪ ንብ ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያው ዓመት ቀዳዳው ሁሉ ላይሞላ ይችላል፤ ተስፋ አትቁረጡ። በሁለተኛው ዓመት የሁለቱን ዓመት ቁጥር አስተያዩ። ቁጥሩ ቢቀንስ ምን እንደ ተረጨ፣ መቼም እንደ ተረጨ ጠይቁ።

ወደ ዋናው ነገር የመጣሁት አሁን ነው። አባቶቼ፣ እስካሁን የነገርኋችሁ የልጆችን ድርሻ ነው። የእናንተ ድርሻ መርጫው ላይ ነው።

ማላታይንን የመሰለ መድኃኒት ትልንና ንብን አይለይም። ያገኘውን ይገድላል። ኑጉ አብቦ ሳለ በቀን የተረጨ እንደ ሆነ በአበባው ላይ ያለችው ንብ እዚያው ትወድቃለች። ያልወደቀችውም መርዙን ይዛ ወደ ቀፎዋ ትገባለች። የጎረቤት ቀፎ በአንድ ሳምንት ባዶ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ጠቡ በሰውና በሰው መካከል ነው። ቱፎርዲ የምንለው የአረም መድኃኒት ደግሞ ሜጩንና ሌላውን ባለ አበባ አረም ያደርቃል። ከማሳው መሀል ያለው ቢጠፋ እሺ። ነፋስ ወስዶት የድንበሩንም አበባ ሲያደርቀው ግን ለንቧ ምን ቀረላት? ትሉን አጠፋሁ ብሎ የትሉን ጠላት ማጥፋት "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" እንደሚባለው ነው።

መድኃኒት ፈጽሞ አይረጭ አላልሁም። ተምች ሲመጣ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይቻልም። የምለው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ማሳው ይታይ። እንቁላሉና ትንሹ ትል በቅጠል ላይ ሲገኝ በእጅ ይለቀም፤ በዚህም ላይ ቤተሰብ ሁሉ ይውጣ። በእጅ የማይቻል ከሆነ ባለሙያ ይጠየቅ። የግድ ከተረጨ ፀሐይ ጠልቃ ንብ ከገባች በኋላ ይሁን። ባበበ ኑግ፣ ባበበ ባቄላ ላይ አይረጭ። ነፋስ ሲኖር አይረጭ። ቀፎ ያለው ጎረቤት አንድ ቀን ቀድሞ ይነገረው። ከማሳው ዳር ጥቂት እርምጃ የሚያህል ስፍራ ሳይታረስና ሳይረጭ ይቆይ፤ መሬት ውስጥ ለሚኖሩት ንቦች ጎጆአቸው ያ ነው። ለእነሱ ጣሳም ሸምበቆም አያስፈልጋቸውም፤ መተው ብቻ ይበቃቸዋል። መንግሥትም የንብ ሀብት እንዲለማና እንዲጠበቅ አዋጅ ቁጥር 660/2002ን አውጥቷል። አዋጅ ግን በወረቀት ላይ ንብ አያድንም። ንብን የሚያድናት የጎረቤት ስምምነት ነው።

ይህን ሁሉ ብንተወው ምን ይመጣል? በቻይና አገር፣ ሲቹዋን በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ሃንዩዋን የሚባል ወረዳ አለ። ሕዝቡ ፒር የሚባል ፍሬ አብቃይ ነው። ያ ፍሬ እንደ ኑጋችን ከሌላ ዛፍ የመጣ ዱቄት ይፈልጋል። ከእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ጀምሮ በዚያ ወረዳ ገበሬዎች ራሳቸው ዛፍ ላይ እየወጡ የአበባውን ዱቄት ከረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ባሰሩት ላባ አበባውን አንድ በአንድ መቀባት ያዙ። መድኃኒት ስለሚረጭ ንብ አርቢዎች ቀፎአቸውን ወደዚያ ማምጣት ፈርተው ነበር። ንቧ በነፃ ትሠራው የነበረውን ሥራ ሰው በጉልበቱ ገባበት ማለት ነው። አስቡት፤ የኑግ ማሳን አበባ አንድ በአንድ በላባ ልንቀባ ነው? ፒር ትልቅ ፍሬ ስለ ሆነ ድካሙን ይከፍል ይሆናል። ኑግ ግን ቅንጣት ነው። ለኑግ የሚሆን ላባ የለም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃችኋለሁ። አንደኛው በቤት የሚፈጸም ነው። በነሐሴ አንድ ሰንበት ከልጆቻችሁ ጋር ተቀመጡ። ወንድ ሴት ሳትሉ ሁሉንም ጥሩ፤ ሸምበቆ ቁረጡ፣ አንድ ጎጆ ሥሩ፣ ከክዳን ሥር ስቀሉ። ሁለተኛው በስብሰባ የሚፈጸም ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ አንድ ሰው ይነሣና "ኑግ ሲያብብ በቀን እንዳይረጭ እንስማማ" ይበል። ቀፎ ያላቸው ቀፎአቸው የት እንዳለ ይናገሩ። የሚረጩትም የሚረጩበትን ቀን ይናገሩ። ስምምነቱ ይጻፍ፤ አሁን የሚጽፍና የሚያነብ ሰው በየቤቱ አለ።

ከሁለቱ የመጀመሪያው ቀላል ነው፤ ልጆች ነገ ጧት ሊጀምሩት ይችላሉ። ሁለተኛው ይከብዳል፤ የሚጠብቀውም እናንተን ነው። ልጆቻችሁ ጎጆውን ሰቅለው ጠዋት ጠዋት ቀዳዳ ሲቆጥሩ፣ የታሸገው በር ተከፍቶ ንብ እንድትወጣ የምታደርጉት እናንተ ናችሁ።